ምላስና ጉሮሮ

ባልና ሚስት ተያይዘው፣ ለመስከር ሳይሆን ለመቅመስ፣ ከአንዱ ጠላ ቤት ወደ ሌላው ቢሄዱ ነውር ነው? ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት ሰፈሮች፣ ጠላ እየጠመቁ የሚኖሩ ሴቶች ዛሬም አሉ። በሌላው ዓለም ትንንሽ የቢራ ጠመቃ ቤቶችን እየዞሩ መቅመስ የጥንዶች መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ የተጠመቀን መጠጥ ከሌላው ቤት መጠጥ ጋር ማወዳደር ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያከራክረው ሐሳቡ ነው። ጣዕም ፈልጎ መጠጣት በእርግጥ ከስካር የተለየ ነገር ነው ወይስ ለስካር የወጣለት የጨዋ ስም? የተለየ ነው ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱም ያለው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቀማሹና ሰካራሙ በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው።

አርስቶትል ኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይህን ነገር አንስቶት ነበር። ልክ የማያውቅ ሰው በምላሱ እምብዛም አይጠቀምም ይላል። ጣዕም መለየት የወይን ቀማሾችና የምግብ አጣፋጮች ሥራ ነው፤ ሆዳሙ የሚደሰተው የበላው ነገር በጉሮሮው ሲያልፍ ነው። ለዚህም ጉሮሮው ከአንገተ ረጅም ወፍ ጉሮሮ በላይ እንዲረዝምለት የጸለየ አንድ ሆዳም በምሳሌነት ይጠቅሳል። ምላስ ይፈርዳል፣ ጉሮሮ ያሳልፋል። ጠላ ደግሞ ለፈራጅ ብዙ ጉዳይ ያቀርባል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ቂጣው ይገባሉ፤ በመጨረሻ እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል። ወይራው ቢበዛ ጢስ ጢስ ይላል፣ ጌሾው ቢበዛ ይመራል፣ እንኩሮው ቢያር የማረሩ ጣዕም እስከ መጨረሻው አይለቅም። አንድ ዓይነት እህል የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት የማይመሳሰል ጠላ ያወጣሉ። በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ የፋብሪካ ቢራ ትልቁ ሙያው የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ እንዳይለይ ማድረግ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ቢሆንም ለጠጪው የሚፈርድበት ነገር አይተውለትም። ስለዚህ ቢራ ቤት የሚቆጠረው ጠርሙስ ነው፣ የሚጠየቀውም ስንት ጠጣህ ነው። ጠላ ቤት ግን ሴትዮዋ ራሷ ቀምሳ ትቀዳና እንዴት ነው ትላለች።

ከሃይማኖት ወገን ለዚህ ክርክር ትልቁን ማስረጃ የማገኘው ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን ከሚከበረው ከቃና ዘገሊላ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ ውሃው በስድስት የድንጋይ ጋኖች ውስጥ ወይን ከሆነ በኋላ በቅድሚያ የቀረበው ለአሳዳሪው ነው። አሳዳሪው ወይኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ተአምሩን አላየም። ቀመሰና ይኼኛው ከፊተኛው ይሻላል ብሎ ፈረደ። ወንጌላዊው ትምህርቱ ምልክቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃው ወይን ሆነ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ስለ ጣዕሙ የተነገረውን ፍርድ አቆየልን፤ ስለ መጀመሪያው ተአምር ጥራት የመሰከረልን የአንድ ቀማሽ ምላስ ነው። ያውም በሰርግ ቤት፣ ባልና ሚስት አንድ በሚሆኑበት ቀን።

መናኝ አንባቢ ግን በቀላሉ አይለቀኝም። በ5ኛው መቶ ዘመን የግብጽን መነኮሳት ትምህርት የጻፈው ዮሐንስ ካሲያን ሆዳምነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ያለ ሰዓቱ መብላት፣ ከልክ በላይ መብላት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጣፋጩን እየመረጡ መብላት። እኔ ምላስን ላወድስ ስነሣ እሱ ምላስንም ከሰሰብኝ። ካሲያን የጻፈው ማዕዱን ትቶ ለወጣ ሰው ነው ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ መልሱ ግን በቂ አይደለም፣ ምርጫ ጌታ ሲሆን ባለትዳሩንም ባሪያ ያደርጋልና። ስለዚህ ፈተናውን እቀበላለሁ። ቀማሾቹ ባልና ሚስት ጎረቤት ዝክር ላይ የቀረበላቸውን ቅራሪ በደስታ መጠጣት ካቃታቸው፣ ካሲያን እንደሚለው ታመዋል። የሰለጠነ ምላስ ቅራሪውን ቅራሪ ብሎ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ባለዝክሯን አመስግኖ ይጠጣዋል።

ሌላው ተቃውሞ የሥጋ ነው። ጉበት የጠጪውን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ለጣዕምም ይጠጣ ለስካር፣ አልኮል አልኮል ነው። እውነት ነው። ጠላ በአብዛኛው ከቢራ የቀለለ ቢሆንም፣ በአራት ቤት አራት ሙሉ ጣሳ የጨለጠ ሰው የፈለገውን ስም ቢሰጠው ጠጥቷል። የባልና ሚስቱ መጣመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጣሳ ለሁለት ይቀዳል፣ ጥቂት ጥቂት ይቀመሳል። የጌሾ ምሬት ደግሞ ምላስን ቶሎ ያደነዝዛል፤ መለየት ያቃተው ምላስ ሥራው አልቋል ማለት ነው፣ ጉሮሮ ግን እንዲህ ያለ ማቆሚያ የለውም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሕግ ከዚህ ጥብቅ ነው፤ ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ክልክል ነው። ይህን ላፈርሰው አልሞክርም፤ እርስ በርሱ የተስማማ ሕግ ነው። በእነሱ ቤት ከገብስ የሚሰናዳው ቀሪቦ እንዲያውም ክርክሬን ያግዘዋል፤ የእህሉ መቆላትና የጣዕሙ ልክ ስካር ሳይኖርበትም ይመረመራልና። ቀሪቦን ከዙራቸው የማያስወጡ ጥንዶች የሚፈልጉት ጣዕም መሆኑን አሳይተዋል።

ሚስት በጠላ ቤት መቀመጧ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። ልማዱ ሴት ትጠምቃለች፣ ወንድ ይጠጣል የሚል ነበር፤ የስካሩን ዕዳ ደግሞ የምትከፍለው እቤት የቀረችው ናት። ሚስቶች ጠላ ቤትን መጠርጠራቸው በቂ ምክንያት ነበረው። አብራው ስትሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የተሻለችው ፈራጅ እሷ ናት፤ ድፍድፍ ስታገላብጥ ያደገች ሴት ከባሏ በፊት ጉድለቱን ትደርስበታለች። የባሏ ጠባቂ ሆና ከሄደች ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ለመቅመስ አልወጣም። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ በመጠጥ ተይዞ ከነበረ ደግሞ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች በ14ኛው ምዕራፍ የጻፈው ይበቃል፤ ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ የተፈቀደውም ይቀራል። ያን ጊዜ ሁለቱም ይቅርባቸው እንጂ አንዱ ብቻውን አይሂድ። የአገሪቱ ሕግም ደካማውን ለመጠበቅ ሞክሯል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ አልኮል መሸጥን፣ በብሮድካስትና በቢልቦርድ ማስተዋወቅንም ከልክሏል፤ መልካም አድርጓል። በአንድ ቤት ውስጥ ማን ደካማ እንደሆነ የሚያውቁት ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የጠማቂዋ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ጠላ መጥመቅ የያዙት ልጅ ማሳደጊያ ሌላ መንገድ ስላጡ ነው፤ የተመቸው ሰው የእነሱን ችግር መዝናኛ አድርጎ ቢዞርበት ኃጢአቱ ከስካር አያንስም። ይህን የምመልሰው በክፍያና በቃል ነው። ቀማሽ ግማሽ ጣሳ ቢያስቀርም የሙሉውን ሒሳብ ይከፍላል፣ ቤቷን እንደ ትርዒት ቆሞ አያይም። የምትሸጥለት ሰካራም ገንዘቧን ይሰጣታል እንጂ ሙያዋን አያውቅላትም፤ ስሟ የሚታተምበት ጠርሙስም የለም። ቀማሹ ግን ወይራው ዛሬ በርትቷል ሲላት፣ ጋኑ አዲስ ስለሆነ ነው ወይም ዝናቡ እንጨቱን አርጥቦብኝ ነው ብላ ታስረዳዋለች፤ እሱም ሚስቱም ቁጭ ብለው ይሰሟታል።