ያልተረገጠውን ከፍታ ስለ ማወቅ

የሰው አእምሮ እጁ የማይደርስበትን ነገር በእርግጥ ሊያውቅ ይችላልን የሚለው ጥያቄ ለሥነ መለኮትና ለፍልስፍና ብቻ የተተወ አይደለም፤ ከንፋስ መውጫ በስተምዕራብ የሚታየው፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ርብና ጉማራ የሚነሡበት የጉና ተራራ ይህንኑ ጥያቄ በሂሳብ መልክ ያቀርበዋል። ከተራራው ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር፣ ከግርጌው እስከ ተመልካቹ የሚዘረጋ አግድም መስመርና ከተመልካቹ ዓይን ወደ ጫፉ የሚወጣ መስመር ሲገናኙ አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ቁመቱ ለአግድሙ ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ጥምርታ ታንጀንት ይባላል፤ ተመልካቹ ጫፉን በ10 ዲግሪ ማዕዘን ቢያየው ይህ ጥምርታ 0.176 ገደማ ስለሚሆን፣ አግድሙ ርቀት 6000 ሜትር ከሆነ ጫፉ ከዓይኑ በ1058 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ይሁንና ማዕዘን ብቻውን ርዝመትን አይሰጥም። በብራና ጠርዝ ላይ የሚሣል ጎነ ሦስትና ጉናን የሚያህል ጎነ ሦስት ማዕዘኖቻቸው እኩል ሊሆኑ ይችላሉና፣ ማዕዘኑ የሚያስታውቀው ቅርጽን ነው፤ መጠን የሚታወቀው ቢያንስ አንድ ጎን በእውን ሲለካ ነው። በተራራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ከጫፉ ትይዩ በታች ያለው ነጥብ በዐለቱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ አግድሙም ርቀት በገመድ አይለካም። ስለዚህ ቀያሹ በደልዳላ ሜዳ ላይ አንድ መነሻ መስመር ለክቶ፣ ከሁለቱም ጫፎቹ ማዕዘን መለኪያ በሆነው በቴዎዶላይት ወደ ተራራው ያነጣጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ስሌት ያደርሰዋል። እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የተዘዋወረው አሳሽ አንቷን ዳባዲ የብዙ ተራሮችን ቦታ የወሰነው ከሩቅ በለካቸው ማዕዘኖች ነው።

ይኸው ጥያቄ በሥነ መለኮት በኩልም ይነሣል፤ በቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የተባሉትን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ሲያስመሰክር የኖረው፣ ንፋስ መውጫ የምትገኝበት የጋይንት የሊቃውንት ምድር፣ ፈጣሪ በሥራው ይታወቃል፣ ባሕርዩ ግን አይመረመርም የሚለውን ትምህርት ጠብቆ አቆይቷል። በእጅ የሚዳሰሰው ፍጥረት በዚህ ትምህርት ውስጥ የመነሻውን መስመር ቦታ ይይዛል፤ ያለ እርሱ ስለ ፈጣሪ የሚደረግ ምርምር የሚቆምበት መሬት አይኖረውም። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው ሊሄድ አይገባም፤ ጉና የቱንም ያህል ቢርቅ ከተለካው መስመር ጋር ጥምርታ አለው፣ ወሰን የሌለው ግን ወሰን ካለው ጋር ጥምርታ የለውም። ይህን ድንበር ሂሳቡ ራሱ ያውቀዋል፤ የተመልካቹ ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ እየተጠጋ በሄደ መጠን ታንጀንቱ ያለ ገደብ ያድጋል፣ 90 በሞላ ጊዜም የቁመቱና የዓይኑ መስመሮች ጎን ለጎን እየወጡ ከቶ ስለማይገናኙ ጎነ ሦስቱ አይዘጋም፣ ለቁመቱም ቁጥር አይገኝለትም።