ቤተሰብ ይዞ መሄድ፦ ማንን ይዞ? ማንን ትቶ?

በእኛ ሰፈር፣ በጉርድ ሾላ፣ «ወጣ» የሚለው ቃል ከቤት ወጣ ማለት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። «እገሌ ወጣ» ከተባለ ቦሌ ደርሶ አውሮፕላን ተሳፈረ ማለት ነው። «ቤተሰቡን አወጣ» ከተባለ ደግሞ ወሬው በአድናቆት ይታጀባል። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዳንዶቹ ለዓመታት «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ በራቸው ላይ ለጥፈው ኖረዋል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወትም ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ለዑለማዎቻችን የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሙስሊም ባልሆነ አገር ቤተሰብን ይዞ መኖር ይፈቀዳል ወይ? ዑለማዎቹ ለዚህ ሰፊ መልስ አላቸው። ዲኑን በግልጽ መፈጸም የሚችል፣ የልጆቹን ተርቢያ መጠበቅ የሚችል፣ የማይችል እያሉ ለይተው ያስረዳሉ። እኔ ዓሊም አይደለሁምና በዚያ አልገባም። የሚያሳስበኝ ከፈትዋው በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። ይፈቀዳል ከተባለስ በኋላ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩስ ተጠይቋል?

ነገሩ በእኛ ቤት የወሬ ማሟሻ ሆኖ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባለቤቴ የዲቪ ዕጣ እንደደረሳት አወቅን። ዕጣ ደረሰ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ዕጣው የሚወጣላቸው ሰዎች ከሚሰጠው ቪዛ እንደሚበዙ የታወቀ ነው። ቢሆንም በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቶ ነበር። እንደ ጋዜጠኛ ወረቀት ማንበብ ልማዴ ስለሆነ የተሞላውን ፎርም አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ፎርሙ ስለ ባል ወይም ስለ ሚስት ይጠይቃል። ከ21 ዓመት በታች ስለሆኑና ስላላገቡ ልጆች ይጠይቃል። በዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ መመዝገብ የሚገባውን አንድ ልጅ ሳትመዘግብ ብትቀር ዕድሉ ይሰረዝብሃል። እናትህን የምትጽፍበት መስመር ግን የለም።

አሜሪካኖቹን ለመውቀስ አይደለም። ሕጉ የአገራቸው ሕግ ነው፤ ቤተሰብ ማለት ለነሱ ባልና ሚስት ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ነው። አምስት ዓመት ቆይተህ ዜግነት ካገኘህ በኋላ ወላጅህን ለማምጣት ማመልከት ትችላለህ። የኔ እናት ግን ሰባ ዓመት አልፏታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከወሎ መጥታ የምትኖረው ከኛ ጋር ነው። አምስት ዓመት ሲደመር የማመልከቻው ጊዜ፣ ለሰባ ዓመት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ያስደነገጠኝም ነገር ይኸው ነው፤ የሰው አገር ፎርም በእኛ ቤት ማን ቤተሰብ እንደሆነ ማን እንዳልሆነ ለይቶ ሲያበቃ እኛ ሳናስተውል ፈርመንበታል።

«ሒጅራ እኮ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህን ቃል በዋዛ መጠቀም አይገባም እላለሁ። የኒያን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም፤ ለዓለማዊ ጥቅም የተሰደደ ሰው ስደቱ ለተሰደደለት ነገር ነው። ሪዝቅ ፍለጋ መሄድ ነውር የለበትም፤ ሐላል ሪዝቅ መፈለግ ዒባዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስሙ ሪዝቅ ፍለጋ ይሁን። ወንድሞቻችን ማስረጃ የሚያደርጉት የሐበሻን ሒጅራ ነው። መልካም፣ እሱኑ እንመልከተው፤ አገሩም አገራችን ነውና።

ሶሐባዎች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ መሻገር ሲጀምሩ ከመካከላቸው ባለትዳሮች ነበሩ። ዑስማን ኢብን ዐፋን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቅያን ይዘው መጡ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ከባለቤታቸው ከአስማእ ቢንት ዑመይስ ጋር መጡ፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉት ልጆቻቸው የተወለዱት እዚሁ ነው። ጃዕፈር ወደ መዲና የተሻገሩት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በ628 እ.ኤ.አ. ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ሰው እንግዳ አይባልም፤ ቤት መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ የአገሬውን ቋንቋ ሰምቶ ኖሯል። መዲና ሲደርሱ «እኛ በሒጅራ ቀደምናችሁ» የሚል ንግግር አስማእን ቢያሳዝናቸው ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረቡ፤ በሩቅ አገር ያሳለፉትን ፍርሃትና መከራም አስታወሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሯቸው። እንግዲህ ቤተሰብ ይዞ በባዕድ አገር መኖር በራሱ ጉድለት ነው የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ ፊት መቆም አለበት።

አንድ ነገር ግን ሲነሳ እምብዛም አልሰማሁም። ጃዕፈር ሲሄዱ ሽማግሌው አባታቸው አቡ ጧሊብ መካ በሕይወት ነበሩ። በ619 ግድም ሲሞቱ ልጃቸው ሐበሻ ናቸው። አባትና ልጅ ከተለያዩ በኋላ ዳግመኛ አልተያዩም። ታዲያ ወላጅን ትቶ ለመሄድ ይህ በቂ ማስረጃ ይሆናል? እኔ አይመስለኝም። ሙስሊሞቹ መካ ውስጥ ይሠቃዩ ነበር፤ እንዲሄዱም ያመለከቷቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ናቸው። አባትየውም ቢሆኑ ያለ ልጅ አልቀሩም፤ ዐሊይና ዐቂል እዚያው መካ ነበሩ። የጃዕፈርን መንገድ የሚጠቅስ ሰው የጃዕፈርን ምክንያትም፣ የጃዕፈርን ወንድሞችም አብሮ ይጥቀስ።

በሌላው በኩል ኡወይስ አል-ቀረኒ አሉ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የኖሩ የየመን ሰው ሲሆኑ ነቢዩን ግን በዓይናቸው አላዩም። ለእናታቸው በጎ አድራጊ እንደነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል፤ ወደ መዲና ያልሄዱትም እናታቸውን ትተው መሄድ ስላልሆነላቸው እንደነበር ዑለማዎች ያወሳሉ። ከመዲና ጉዞ የሚበልጥ ምን ጉዞ አለ? ሆኖም ዑመርን የሚያክል ሰው ኡወይስን ሲያገኝ ምሕረት እንዲለምኑለት እንዲጠይቅ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነግሮት ነበር። ስለዚህ በታሪካችን የሄደም የቀረም ተመስግኗል። አንዱን መዝዞ «ደሊሌ ይህ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ሁለቱም ግን ምክንያታቸው ከራሳቸው ምቾት ሌላ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ወደ ዘመናችን ልመለስ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የማታ ተረኛ ሆና ስታድር ቀኑን ትንንሾቹን ልጆቻችንን የምትይዝላት እናቴ ናት። የባለቤቴ ክርክር ቀላል አይደለም። «እማን የሚያኖራት ያንተ እዚህ መቀመጥ ነው ወይስ መድኃኒቷ?» ትለኛለች። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ አይንቅም። የጋዜጠኛ ደመወዝ ከጉርድ ሾላ የቤት ኪራይ ጋር ታግሎ አሸንፎ አያውቅም፤ «አገር ጥሎ መሄድ አይገባም» የሚለውን ስብከት አዘውትረው የሚያሰሙንም አብዛኞቹ ኪራይ የማይከፍሉ ሰዎች ናቸው። ሐዋላ ስንቱን ወላጅ አሳክሟል፣ ስንቱን ወንድም አስተምሯል። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ነገር ግን ሌላም የማየው አለ። ከሲኤምሲ እስከ አያት ድረስ ልጆች ለወላጆቻቸው ያሠሯቸው ያማሩ ቤቶች አሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ሠራተኛና አንድ ዘበኛ ይኖራሉ። ዒድ ሲደርስ ስልኩ ይደወላል፣ ምስሉ ይታያል፣ ሁሉም በየተራ «ዒድ ሙባረክ» ይላሉ፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። አንዲት እንዲህ ያሉ ጎረቤታችን ታመው ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ይዘዋቸው የሄዱት የሰፈራችን የዕድር ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ አልጎደለም ነበር፤ በሰዓቱ ተልኳል። አጠገባቸው ተቀምጦ ማታ ማታ ውኃ የሚያጠጣ ነው የጠፋው። ሲለቱ ረሒም ማለት በሐዋላ ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ባለጸጎቹ ሁሉ ቀድመውን በጨረሱት ነበር።

ለእናቴ ነገሩን በነገርናት ጊዜ ያለችው «ሂዱ፤ እኔን አላህ አለልኝ» ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፈቃድ አገኘሁ ብሎ ሻንጣውን ይገዛል። የእኛ አገር እናት ግን «አትሂዱ» የምትልበት አንደበት መቼ ተሰጥቷት ያውቃል? የራሷን ጥቅም ከልጇ ጥቅም አስቀድማ መናገር ነውር ሆኖ ነው ያደገችው። ስለዚህ የእናት «ሂዱ» እንደ ፈቃድ ከመቆጠሩ በፊት መመርመር ያለበት ይመስለኛል። ለዘመቻ ለመውጣት ፈቃድ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ ጠይቀው ወደነሱ መልሰውታል። «ምን አሉህ?» ብለው እንዳልጠየቁት ልብ ይሏል።

ሳይጠየቅ ዋጋ የሚከፍለው ሌላው ሰው ሕፃኑ ነው። የቅርብ ዘመዴ በሳዑዲ በሾፌርነት እየሠራ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ጅዳ ይኖር ነበር። ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ሠራተኞች አብረዋቸው ለሚኖሩ የቤተሰባቸው አባላት በየነፍስ ወከፉ በወር 100 ሪያል እንዲከፍሉ ተደነገገ፤ ክፍያውም በየዓመቱ መቶ መቶ እየጨመረ በ2020 400 ሪያል ደረሰ። ለአራት ሰው በመጀመሪያው ዓመት 4,800፣ በመጨረሻው 19,200 ሪያል በዓመት ማለት ነው። ዘመዴ በ2018 ቤተሰቡን ወደዚህ መልሶ ብቻውን ቀረ። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ በቦሌ በኩል ያየነው ትርምስ ከብዙዎቻችን ኅሊና አልጠፋም። እዚያ መወለድ ዜግነት አይሰጥም፤ ኢቃማ ሲያበቃ ኑሮም ያበቃል።

የዘመዴ ልጆች ሲመጡ ዐረብኛቸው እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ አማርኛ ግን ፊደሉንም አያውቁ። ትልቋ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ ክፍል ተቀመጠች። የክፍል ጓደኞቿ «ዐረቧ» ይሏት ነበር፤ ጅዳ ሳለች ደግሞ «ሐበሺያ» ነበር የምትባለው። አሜሪካ የሚያድገውም ከዚህ አያመልጥም። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዞ የአያቱን ቤት ይጎበኛል።

እዚህ ላይ የኡሙ ኻሊድ ታሪክ ይታወሰኛል። የኻሊድ ኢብን ሰዒድ ልጅ ስትሆን የተወለደችው እዚሁ ሐበሻ ነው። ወደ መዲና ከተወሰደች በኋላ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ ሰጥተዋት ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሾች ቋንቋ ውብ ነው ማለታቸው ነበር። ቡኻሪ ዘግበውታል፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል ወዲያው ያስታውሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅቷን «ዐረብኛ ተናገሪ» አላሏትም፤ ይዛው የመጣችውን ቃል አከበሩላት። የኛ መድረሳዎችና ትምህርት ቤቶች ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከሚኒሶታ ለሚመለስ ልጅ ይህን ያህል ቦታ አላቸውን? የዘመዴ ልጅ በሰፈራችን መድረሳ ለትንንሾቹ ቁርኣን ማስቀራት ስትጀምር ነው አንገቷን ቀና ያደረገችው። ያን ያሰቡላት አንድ ኡስታዝ ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም።

በእኛ ቤት ያደረግነው ሹራ ነው። ደሴ ያለችው እህቴ መጣች፣ ወንድሜ መጣ፣ እናቴም መሐል ተቀመጠች። በደፈናው «እንጠብቃታለን» የሚል መልስ እንዳይኖር ተስማማን፤ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል፣ ሌሊት ብትታመም ማን ቤት ትተኛለች፣ በስም ይነገር አልን። እህቴ «እኔ ጋ ደሴ ትምጣ» አለች፤ ቤቷ ግን ሁለት ክፍል ነው፣ ስድስት ነፍስ አለበት። ወንድሜ «በየሦስት ወሩ እየተቀባበልን» ሲል እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። «እኔ ሻንጣ ነኝ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የእውነት መልሷን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

በሌላ ቤት ሹራው ሌላ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በቂ ልጆች አጠገቧ ያሏት እናት አለች፤ እዚህ ቢቀር ሊታሰር የሚችል ሰው አለ፤ ሕክምናው እዚህ የማይገኝ ሕፃን ያለው አባት አለ። እነዚህን «ቅሩ» የሚል አፍ የለኝም። በእኛ ዘንድ ግን በስም የተጠራ ሰው አልተገኘም።

የባለቤቴ ዕጣ የሚያገለግለው እስከ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ቀኑ አለፈ። ከኔ ይልቅ የሷ ዕድል ስለነበር ያጣችውን እኔ ልመዝንላት አልችልም፤ የተስማማችው ግን ተገፍታ እንዳልሆነ ደጋግማ ነግራኛለች። ያን ሌሊት ተረኛ ነበረች። ጠዋት ስትመለስ እናቴ ቡና አቅርባ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ ጠበቀቻት፤ ሁለቱም ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሦስቱንም ጠጡ።