ስለ ወይዘሮ ሉዊዛ ዉዝሊ ትዕግሥት

የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማሩንን ሰዎች እንድናስብ በመጽሐፍ ታዘናል። የምናስባቸውም ሙታንን ለማወደስ አይደለም፤ ኑሯቸውን አይተን የራሳችንን ኑሮ እንድንመረምር ነው እንጂ። ስለዚህ ከፕሬስቢቴሪያን ወገን ከሴቶች ሁሉ አስቀድመው በእጅ መጫን ለወንጌል አገልግሎት የተሾሙትን ወይዘሮ ሉዊዛ ዉዝሊን ዛሬ እናስብ።

እኒህ ሴት በአሜሪካ፥ በኬንተኪ ግዛት፥ በግሬሰን ወረዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በክርስቶስ አመኑ፤ የመስበክም ጥሪ ያን ጊዜ በልባቸው አደረ። ነገር ግን ሴት በመስበኪያው ላይ መቆሟ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበርና ጥሪውን ሸሸጉት። ባል ባገቡም ጊዜ፥ እርሱ ሰባኪ ሆኖ በእሳቸው ፈንታ እንዲሠራ ተስፋ አደረጉ፤ ባላቸው ግን ሰባኪ አልሆኑም። ከጥሪ የሸሸ ዮናስ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከእኛም ብዙዎች የተሰጠንን ሥራ ለባል ወይም ለልጅ ወይም ለቄሱ አስረክበን ተቀምጠናል።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። ምክርን ከጎረቤት አልጠየቁም። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምረው እስከ ዮሐንስ ራእይ አነበቡ፤ ሴት በተጠቀሰችበትም ስፍራ ሁሉ ምልክት አደረጉ። ሕዝቡን የፈረደችው ዲቦራ፥ የንጉሡ የኢዮስያስ መልእክተኞች የጠየቋት ነቢዪት ሕልዳና፥ ከባሏ ጋር አጵሎስን ያስተማረችው ጵርስቅላ፥ የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ፌበን በዚያ ይገኛሉና። ልጃቸውም ታማ ለሞት በቀረበች ጊዜ ልባቸው በፍጹም ተሰበረ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1887 ሰባኪው ስለ ቀረ በምእመናን ፊት ቆመው ሰበኩ። ኖቬምበር 5 ቀን 1889ም የኖሊን የሽማግሌዎች ጉባኤ እጁን ጭኖ ሾማቸው።

ከዚያም መከራ መጣ። የኬንተኪ ሲኖዶስ ስማቸው ከአገልጋዮች መዝገብ እንዲወጣ አዘዘ፤ በ1894 ደግሞ የከምበርላንድ ፕሬስቢቴሪያን ጠቅላላ ጉባኤ ሹመታቸው አይጸናም ብሎ ፈረደ። እስቲ ይህን አስተውሉ። ያ ቤተ ክርስቲያን ራሱ በ1810 በቴነሲ ሲቆም፥ ለመለየቱ አንዱ ምክንያት፥ በመነቃቃት ዘመን ሰባኪ ስላነሰ ብዙ ያልተማሩ ሰዎችን በመሾም የተነሣው ክርክር ነበረ። አባቶቻቸው አትበቁም ተብለው የተገፉ ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን ያንኑ ፍርድ በአንዲት ሴት ላይ መልሰው ፈረዱ።

ወይዘሮ ሉዊዛስ ምን አደረጉ? ሕዝቡን ከፍለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን አልመሠረቱም፤ ዝምም አላሉም። አስቀድመው በ1891፥ ሴት ልትሰብክ ይገባታልን ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ከፍርዱም በኋላ መስበካቸውን አልተዉም። እኛ ግን በማኅበራችን ጠብ ሲነሣ ከሁለት መንገድ በቀር የምናውቅ አይመስለኝም፤ ወይ ኩርፊያ ነው ወይ መለያየት። እኅቴ ሆይ፤ ሽማግሌዎች ቃልሽን ባይሰሙ፥ በእጅሽ ያለውን ሥራ ትተሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽን? አንተስ ወንድሜ፤ በጉባኤ ተቀምጠህ ለፍርድ እጅህን ስታነሣ፥ ከመዝገብ የምትፍቀውን ስም ማን እንደ ጻፈው አስቀድመህ ጠይቀሃልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በየደብራችን ገብቷል።

ዓመታት አለፉ፤ ሽማግሌዎቹም በሌሎች ተተኩ። በ1938 ያው የኬንተኪ ሲኖዶስ፥ ስማቸው ይውጣ ብሎ ያዘዘው፥ እኒህኑ ሴት ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው ሳሉ የጉባኤው መሪ አድርጎ መረጣቸው። በ1952 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።