ብርዱ ሊወጣ ሲል፦ ልጆችን ደጅ ማውጣት ቅንጦት ነው ወይስ ሐቅ?



በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ቤተሰቦች የፌብሯሪ መጨረሻና የማርች መጀመሪያ ከባድ ጊዜ ነው። በረዶው ጭቃ ሆኗል፣ ዛፉ ገና ቅጠል አላወጣም፣ ልጆች ቤት መዋል ሰልችቷቸዋል። ቅዳሜ ሲመጣ አባት ኡበር ሊነዳ ይወጣል፣ እናት የሳምንቱን ወጥ ትሠራለች፣ ልጆቹም ከመድረሳ ሲመለሱ ታብሌት ላይ ይወድቃሉ። በዚህ መሐል አንዱ ተነስቶ «ልጆቹን ጫካ ወስደን እናናፍሳቸው» ቢል የብዙዎቻችን መልስ «ለዚህ ማን ጊዜ አለው?» ነው።

መልሱ እውነት አለው። የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ግዴታ ነው፤ ቤተሰቡን ለማኖር ሁለት ሥራ የሚሠራን አባት ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን ከመልሱ ሥር ሌላ ጥያቄ አለ። ገንዘብ የማያስገባ፣ ፈተና የማያሳልፍ፣ ምንም የማይታይ ውጤት የሌለው ሰዓት ለልጅ መስጠት ከተረፈን የምንሰጠው ስጦታ ነው? ወይስ ልጁ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ?

የሰልማን አል-ፋሪሲንና የአቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ታሪክ አብዛኞቻችን ሰምተነዋል። ሰልማን ወንድማቸውን ሊዘይሩ ሲሄዱ በጾምና በሌሊት ሶላት ተጠምደው የቤተሰባቸውንና የራሳቸውን ነገር ትተው አገኟቸው። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስጥ ብለው መከሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የሰልማንን ንግግር አጸደቁ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ አቡ ደርዳእ ሐቅ ያጓደሉት በዛዛታ ሳይሆን በዒባዳ ነበር። ዒባዳ እንኳ የቤተሰብን ሐቅ ለማስቀረት ምክንያት ካልሆነ፣ ተጨማሪ ሺፍት ሁልጊዜ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርም የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ ተሸክመው ሳለ ልጁን ሲያገኙት ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር። የአንድ ሕፃን ወፍ ለእርሳቸው ትንሽ ጉዳይ አልነበረችም።

ሦስት ምክንያቶቻችን

የመጀመሪያው ምክንያታችን ብርዱ ነው። «ብርድ ይመታቸዋል» እንላለን። የጉንፋን መነሻ ግን ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመቸው መስኮቱ የተዘጋና ሰው የታጨቀበት ክፍል ነው። ደረብ ደረብ አድርጎ የለበሰ፣ ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ ያደረገ ልጅ አንድ ሰዓት ቢራመድ የሚደርስበት ነገር ቢኖር መራብ ነው።

ሁለተኛው ከአስተዳደጋችን የመጣ ነው። ብዙዎቻችን ከብት ጠብቀን፣ ውሃ ቀድተን፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ ተጉዘን አድገናል። ሜዳ ለእኛ የሥራ ቦታ ነው። ያለ ጉዳይ ጫካ ውስጥ መዞር የጠገበ ሰው ሥራ ይመስለናል። ልጆቻችን ግን ያን ሕይወት አልኖሩትም። እኛ ሳንፈልገው የተማርነውን እነርሱ ሆነ ብለን ካላወጣናቸው በስተቀር አያገኙትም።

ሦስተኛውን ጮክ ብለን አንናገረውም፤ ጫካውና ሐይቁ የፈረንጅ ነው የሚል ስሜት ነው። ይህን ስሜት ለማረም ከዚሁ አካባቢ ታሪክ አንድ ነገር እናንሳ። ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ 184.5 ማይል የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመኪና መንገድ ሊሠራበት ታቅዶ ነበር። ዋሽንግተን ፖስትም ዕቅዱን ደግፎ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን የጋዜጣውን አዘጋጆች በእግር እንዲያዩት ጋበዟቸው። በማርች 1954 ብርዱ ገና ሳይወጣ ከካምበርላንድ ተነሱ፤ መንገዱን ሙሉ በእግር የጨረሱት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን አለሳለሰ፤ ቦታውም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ አንድ የሐበሻ ልጅ ከጆርጅታውን ተነስቶ በዚያ መንገድ ሲሄድ የማንንም አጥር አልዘለለም። ፓርኩ የሕዝብ ነው፤ እኛም ግብር ከፋዮች ነን። የሚኖሩበትን ምድር የማያውቁ ልጆች ሃምሳ ዓመት ቢኖሩበትም እንግዳ ሆነው ይቀራሉ።

ለምን በዚህ ወቅት?

«ሙቀቱ ይምጣና እንወጣለን» የሚል አለ። እርሱም ጥሩ ነው። ይህ ወቅት ግን የራሱ ትምህርት አለው። ዛፉ ቅጠል ስለሌለው በሌላ ጊዜ የማይታየው ይታያል። በሜሰን ኔክ በኩል ነጭ ራስ ያለው ንስር በዚህ ወቅት ጎጆው ላይ ነው። በረግረጉ ዳር ስከንክ ካቤጅ የሚባል ተክል የራሱን ሙቀት አመንጭቶ በዙሪያው ያለውን በረዶ እያቀለጠ ያብባል። ዉድ ፍሮግ የተባለችው እንቁራሪት ደግሞ በብርዱ ወራት ሰውነቷ በከፊል በረዶ ሆኖ ልቧ ቆሞ ትከርማለች፤ ሙቀት ሲመጣ ትቀልጥና ተነስታ ትጮኻለች። ሱብሐነላህ! ቁርኣን የሞተችን ምድር ሕያው መደረግ ደጋግሞ ምልክት አድርጎ ያነሳል። ልጁ ይህን በመድረሳ በቃሉ ሸምድዶት ይሆናል፤ በዓይኑ የሚያየው ግን ጭቃው ላይ ቁጢጥ ሲል ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ አገር ልጆቻችን በሁሉም ነገር ይለካሉ፤ በትምህርት ቤት በውጤት፣ በመድረሳ በሒፍዝ፣ በእግር ኳስ በጎል። ጫካ ውስጥ ግን የሚያርማቸው የለም። በቤት ውስጥ ደግሞ ከባንክና ከትምህርት ቤት የመጣን ደብዳቤ ለወላጅ የሚተረጉመው ልጅ ነው። ከቤት ሲወጡ ነገሩ ይገለበጣል። ዱካ አይቶ እንስሳውን የሚለይ፣ ደመና አይቶ ዝናቡን የሚገምት፣ ወፍ ሳይበርር ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል አባት ነው። ልጁ ወላጁን እንደ አዋቂ ሰው የሚያይበት አንድ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እንዴት እንጀምር?

ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም። በአሌክሳንድሪያ በኩል ያለው ሃንትሊ ሜዶውስ ፓርክ መግቢያው ነጻ ነው፤ በረግረጉ ላይ የተሠራው የእንጨት መንገድ የሕፃን ጋሪም ያስኬዳል። ሻይ በፔርሙስ፣ ቆሎና ዳቦ፣ አንድ መስገጃ ይበቃል። ዙህር ከደረሰ ከመንገዱ ገለል ብሎ መስገድ ይቻላል፤ ምድር ሁሉ መስጂድ ተደርጋልናለችና። በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓት ስለሚቀየር የሶላት ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ኩሬ ላይ የቀረ በረዶ ጠንካራ ቢመስልም ልጆች እንዳይረግጡት። ቤት ስትገቡም መዥገር እንዳይኖር ልብሳቸውንና ቆዳቸውን እዩ።

በየሳምንቱ ማድረግ የሚችል ይኖራል፤ በወር አንድ ቀን ብቻ የሚችልም ይኖራል። ሐቅ በአቅም ይከፈላል፤ ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ሰው ግን ዕዳው የለብኝም አይልም። የሁለት ሰዓት ነዳጅና ትንሽ ጭቃ ለልጅ ከሚከፈለው ሁሉ ርካሹ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለቤተሰቦቻችን ሐቃቸውን ከሚሰጡት ያድርገን።