ስም የለሹ ቀዳጅ

ባለፈው ሰሞን አንዱ ጓደኛችን ከአልጋው በላይ አንድ ሥዕል ሰቀለ። ዘመዱ ከፓሪስ ያመጣለት፣ በወረቀት የታተመ፣ ጥቁር ፍሬምና መስተዋት የተደረገለት ነው። ቀይ ነገር፣ ሰማያዊ ነገር፣ አንገቱ የተቆረጠ ፊደል፤ ምኑም ከምኑ አይገጥምም። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልነው። «የተቀደደ ማስታወቂያ ነዋ!» አለን። ይኼን ጊዜ አንዱ ከመሃላችን፣ «ማስታወቂያ መቅደድ ሠዓሊ የሚያሰኝ ከሆነማ የሰፈራችን ማቲ ሁሉ ሠዓሊ ነው!» ብሎ አሳቀን።

ሳቁ አለቀ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀንም። ለካስ እኛ የሳቅንበትን ነጥብ ባለሥዕሉ ራሱ በቁም ነገር ይዞት ኖሯል።

ሰውየው ዣክ ቪልግሌ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተወልዶ በ2022 ያረፈ ፈረንሳዊ ነው። ከ1949 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ላይ ከባልንጀራው ከሬሞን ኤንስ ጋር እየሆነ፣ በላይ በላዩ የተለጠፈውንና መንገደኛ የቀደደውን ማስታወቂያ ከግድግዳ እየላጠ ሸራ ላይ ይለጥፍ ነበር። ለዚህ ሥራው ብሩሽ አላነሣም። ብዙዎቹን ሥራዎቹንም የሰየማቸው ወረቀቱ በተገኘበት መንገድ ስም ነው። በ1957 ሁለቱ ፓሪስ ውስጥ ያሳዩት ኤግዚቢሽን የአንድ ሕግ ቀን ተሰጠው፦ «የጁላይ 29 ቀን 1881 ሕግ»። ይህም በፈረንሳይ ግድግዳዎች ላይ «መለጠፍ ክልክል ነው» ከሚለው ቃል ጋር ተጽፎ የሚታየው ሕግ ነው። ቃሉን የኛም አጥሮች ያውቁታል።

ቪልግሌ የሥዕሉ እውነተኛ ባለቤት «ስም የለሹ ቀዳጅ» ነው፣ እኔስ ሰብሳቢ ብቻ ነኝ የሚል አቋም ነበረው። የኛም ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ ቀዳጅ ማን ነበር? ምናልባት በተመራጩ ፎቶግራፍ የተናደደ ሠራተኛ፣ ምናልባት እጁ ሥራ የፈታ ልጅ። ሥዕሉ ሲሸጥ ሳንቲም አልደረሰውም። ታዲያ ይህ ስርቆት አይደለም ወይ?

ግማሾቻችን «ነው!» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ፣ «ቪልግሌ ባያነሣው ኖሮ ጠራጊ ይወስደው ነበር፤ ሺህ ሰው ያለፈበትን ቆሞ ማየትም እኮ ሥራ ነው» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ይሁንና ያየ ሰው የማየቱን ዋጋ ይውሰድ እንጂ የሌላውን እጅ አብሮ ሊወስድ አይገባም። ቪልግሌ ቢያንስ ዕዳውን በአፉ አምኗል።

ፍሬሙስ? መስተዋቱን በጣታችን ነካነው፤ ለስላሳ ነው። የተቀደደው ጠርዝ፣ ሙጫው፣ ቁጣው የለም። የአንድ ሰው ንዴት ከአልጋ ልብስ ጋር የሚስማማ ጌጥ ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ የመንገዱ ነገር ሙዚየም ገብቶ ከተቆለፈበት በኋላ እኛ ዘንድ ሊደርስ የቻለው በዚሁ ርካሽ ኅትመት ነው። ስለዚህ ኅትመቱን አንጠላውም። የቆጨን ሌላ ነው፦ ጠጋ ብለን ግርጌውን ብናነብ ያለው የቪልግሌ ስም ብቻ ነው። መንገዱ ወድቋል። ሰውየው ያመነውን ዕዳ አታሚው ሰርዞታል።

በአታሚው ለመፍረድ ስንቸኩል ግን ይችኑ መጽሔታችንን አየናት። በየገጹ ራስ የጸሐፊ ስም አለ። እስቴንስሉን ሌሊት የመታችው፣ ማባዣውን ሲያዞር ጣቱ የጠቆረው፣ የተንጋደደ ዐረፍተ ነገራችንን ያቀናው የት አሉ? ሻይ ቤት የሰማነውን የሰው ሐሳብ በስማችን ያላወጣን ስንቶቻችን ነን? መውሰዱ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ከአንድ ግድግዳ ላይ ልጠን ነው የምንጽፈው። ነውሩ መንገዱን መርሳት ነው።

ይህም ጽሑፍ ቢሆን የዚያ ቀልደኛ ጓደኛችን ነው። ስሙን እናውጣ ብንለው «ተዉኝ እባካችሁ!» አለን። ትተነዋል፤ ዕዳው ግን እኛው ላይ ነው።