በረኀብ ጊዜ የተደረገ ውል

ሰው «እሺ» ብሎ የገባበት ውል ሁሉ በእውነት በፈቃዱ የተደረገ ነውን? ጥያቄው የዳኞች ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከዳኛ አስቀድሞ ኅሊና የሚጠየቅበት ነገር ነው። በባዶ ሐሳብ እንዳንከራከር፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ከሕንድ ወደ ሩቅ አገር የሸንኮራ አገዳ እርሻ የሄዱትን ሠራተኞች ታሪክ እንመርምር። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1833 ዓ.ም. በቅኝ ግዛቶቹ ባርነት እንዲቀር ሕግ አወጣ። 20 ሚሊዮን ፓውንድም ለካሣ ተመደበ። ካሣውን የተቀበሉት ግን ባሮቹ ሳይሆኑ ጌቶቻቸው ነበሩ፤ የተበደለው ባዶ እጁን ወጥቶ በዳዩ ሲካስ ፍርዱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ባለ እርሻዎቹ የጕልበት እጥረት እንደሚመጣባቸው ስላወቁ ሌላ ሰው ፍለጋ ጀመሩ። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት በዚያው በ1834 ዓ.ም. አትላስ የተባለች መርከብ 36 ሕንዳውያን ሠራተኞችን ወደ ሞሪሸስ ደሴት አደረሰች። ቀጥሎም በ1838 ወደ ጉያና፥ በ1845 ወደ ትሪኒዳድ፥ በ1860 ወደ ናታል፥ በ1879 ወደ ፊጂ ተጓዙ። በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ከአገራቸው ወጡ።

ውሉ ብዙውን ጊዜ የአምስት ዓመት ነበር። ሠራተኛው ከመሳፈሩ በፊት ሹም ፊት ቀርቦ በፈቃዱ መሄዱን ይጠየቃል፤ እርሱም «አዎን» ይላል። የሥርዐቱ ጠበቆች ሁሉ የሚደገፉት በዚህች ቃል ነበር፦ ማንም አላሰረውም፤ ደመወዝ ተነግሮታል፤ ዘመኑም የተወሰነ ነው።

ይህ ክርክር ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ከዕዳ ያመለጡ፥ በባልቴትነታቸው መከራ ያዩ ሴቶች፥ ዕድላቸውን ለመፈለግ የደፈሩ ወጣቶች ከመካከላቸው ነበሩ። በሞሪሸስ ኋላ መሬት እስከ መግዛት የደረሱም አሉ። ሁሉም እንደ ከብት ተነድተው ሄዱ ብንል ሰውነታቸውን መካድ ይሆንብናል።

ነገር ግን «አዎን» ያሰኛቸው ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። በላንካሻየር ፋብሪካዎች የተሠራው ርካሽ ጨርቅ የሕንድን ሸማኔ ከእንጀራው አፈናቀለው፤ ገበሬውም የመሬቱን ግብር በገንዘብ እንዲከፍል ሲገደድ ለአራጣ አበዳሪ ተዳረገ። በ1876–78 በደቡብ ሕንድ ረኀብ ሚሊዮኖች ሲያልቁ እህል በመርከብ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ድርቁን ያመጣው መንግሥት አይደለም፤ ድሀውን ያለ መጠባበቂያ ያስቀረው ግን እርሱ ነው፤ የውሉን ሥርዐት ያጸደቀውም ይኸው መንግሥት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈ፥ በዮሴፍ ዘመን የተራቡት ግብፃውያን አስቀድመው ብራቸውን፥ ቀጥሎ ከብታቸውን፥ በመጨረሻ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን አቀረቡ። እነርሱም በአፋቸው ፈቅደው ነበር። ዮሴፍ ግን ረኀቡን አላባባሰም፤ ዘርም ሰጣቸው፥ ከመከሩም ከአምስት እጅ አራቱን ተወላቸው።

እንግዲህ የውልን ነጻነት በተፈረመበት ቀን ብቻ መመዘን በቂ አይመስለንም፤ ሠራተኛው «በቃኝ» ባለ ቀንም ሊመዘን ይገባል። ከሥራ የቀረ ወይም ከእርሻው ያለ ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ የሚጠብቀው እንደ ማንኛውም ባለ ዕዳ የገንዘብ ክስ ሳይሆን እስራት ነበር። በሞሪሸስ አንድ ቀን የቀረ ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ ይቈረጥበት ነበር፤ በሽታም እንኳ ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ተቈጥሮበታል። ባለ እርሻው ውሉን ሲያፈርስ ግን ሠራተኛው የሚከስበት ቋንቋም ገንዘብም አልነበረውም። ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ የሚታሰርበት ውል፥ ጽሑፉ ምንም ቢያምር፥ ግማሹ ከባርነት ቤት የተረፈ ነው።

በሕንድ የተነሣው ተቃውሞ በርትቶ፥ የዓለምም ጦርነት መርከቦችን ስለ ያዘ፥ ምልመላው በ1917 ዓ.ም. ቆመ፤ በፊጂ የቀሩት ውሎች በ1920 ዓ.ም. ተሰረዙ። ሠራተኞቹ በዚያ ዘመን ውላቸውን የሚጠሩት በእንግሊዝኛው ቃል፥ ማለት «አግሪመንት» በሚለው ነበር፤ በአፋቸውም ተለውጦ «ግርሚት» ሆነ። ትርጓሜው ስምምነት የነበረው ቃል ለልጅ ልጆቻቸው የአምስቱ ዓመት መከራ ስም ሆኖ ቀረ።