ደስታ የጤና አገልጋይ ነውን?

ስለ ጤና የሚመክሩ ሰዎች ዛሬ ዛሬ ስለ ደስታም አብረው ይመክራሉ። መሣቅ ለልብ ይበጃል፤ ጨዋታ ሕመምን ያስረሳል፤ ከወዳጅ ጋር ቡና መጠጣት ዕድሜን ያረዝማል ይሉናል። እንዲህ ያለውን ምክር በደስታ እንቀበለዋለን፤ አስቀድመን የምንወደውን ነገር ሐኪም አዞ እንደ ሰጠን ይሰማናልና። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ተሸሽጎበት እናገኛለን። ይኸውም ደስታ ስለ ጤና ሲባል የሚፈለግ ነውን፣ ወይስ ጤና ራሱ ስለ ደስታ ሲባል ይፈለጋል የሚለው ነው።

ደኅና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀን ሰው ትኩሳት እንዳለብንና እንደሌለብን ብቻ ለማወቅ አይጠይቅም። ስለ ቤታችን፣ ስለ ልጆቻችን፣ በገጠርም እንደ ሆነ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጭምር ይጠይቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የተፈረመውና በ1948 ዓ.ም. የጸናው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሕግም ጤናን ከበሽታ ነጻ በመሆን ብቻ አልወሰነውም፤ የአካልን፣ የአእምሮንና የማኅበራዊ ኑሮን ደኅንነት አንድ አድርጎ ተረጎመው። አባቶቻችን በሰላምታቸው ውስጥ ያኖሩትን ዐሳብ መንግሥታት በፊርማ አጸደቁት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመኖችም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሣቅ መድኃኒት ነው የሚለውን ዐሳብ በዘመናችን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ኖርማን ከዝንስ የተባለው አሜሪካዊ የመጽሔት አዘጋጅ ነው። ይህ ሰው በ1964 ዓ.ም. መገጣጠሚያን በሚያሠቃይ ከባድ በሽታ ታመመ። የሚያስቁ ፊልሞችንም ይመለከት ጀመር፤ ኋላም ሐኪሙ ስለ ፈቀደለት ከሆስፒታል ወጥቶ በሆቴል ተቀመጠ። ዐሥር ደቂቃ ከልብ መሣቅ ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ሥቃይ ያስተኛው እንደ ነበር ራሱ በ1976 ዓ.ም. በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል። ታሪኩ ያስደስታል፤ የአንድ ሰው ታሪክ ግን ለሁሉ ሰው ሕግ ሊሆን አይችልም። ከሣቁ ጋር ብዙ ቪታሚን ይወስድ ነበር፤ በሽታውም በእርግጥ የተባለው በሽታ መሆኑን ኋላ የተጠራጠሩ ሐኪሞች አልጠፉም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በብዙ ሰዎች ላይ ተመርምሯል። በ2010 ዓ.ም. 148 ጥናቶች በአንድነት ተመዝነው፣ ከ300,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር በጠነከረ ግንኙነት የሚኖሩ ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከመቶ 50 ያህል በልጦ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ700,000 በሚበልጡ የእንግሊዝ አገር ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ሲገለጥ፣ ቀድሞ የነበረባቸው ሕመም በሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ደስተኛ መሆን ብቻውን ሞትን አላዘገየም። በ2007 ዓ.ም. የወጣውና 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞችን የተከታተለው ጥናትም የመንፈሳቸው ሁኔታ በሕይወት የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳልወሰነ አስረድቷል።

እንግዲህ ምን እንበል? ደስታ ዕድሜ ካልጨመረ ከንቱ ነው እንበልን? እኛስ እንዲህ አንልም፤ ይልቁንም ደስታን እንደ ክኒን መቍጠር ከመጀመሪያው የማይገባ እንደ ነበረ እንናገራለን። ደስታ መድኃኒት ከሆነ፣ ያልዳነው ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳይወስድ እንደ ቀረ ሰው ሊወቀስ ነው። በሕመም አልጋ ላይ የተኛን ሰው፣ አይዞህ፣ ደስ ካለህ ትድናለህ፣ የሚለው ወዳጅ ለበጎ ይናገራል፤ ሕመምተኛው ግን በሥቃዩ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል፤ ማዘኑ ራሱ ጥፋት ይሆንበታል። ይህን ጭካኔ ማንም አስቦ አያደርገውም፤ ቢሆንም ጭካኔ ነው።

ለጥቅሙ ሲባል የሚፈለግ ደስታም ወዲያው ይጠወልጋል። የቡናችንን ሥርዐት እንመልከት። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጢሱም ለተቀመጡት እየዞረ ይሸተታል፤ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል። በረካው እንደሚታወቀው ቀጭን ነው። ቡናው ለሰውነት በሚሰጠው ኀይል ብቻ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ በአቦል ተነሥተን በሄድን ነበር። ቍጭ ብለን የምንጠብቀው ጨዋታው ስላላለቀ ነው። ጨዋታ የሚለው ቃላችንም ራሱ የሚያስገርም ነው፤ የልጆችን ሩጫና የሽማግሌዎችን ወግ በአንድነት ይጠራቸዋል። የተከበሩ እንግዳ ሲመጡ፣ እስቲ ይጫወቱ፣ የምንላቸው እንዲዘልሉ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ጨዋታን የቁም ነገር ጠላት አድርጎ የሚመለከት ሰው ግን በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው ግንባሩን ያልቋጠረ ሹም ሹም አይመስለውም፤ በጠረጴዛው አጠገብ የሣቀ ጸሓፊም ሥራ የፈታ ነው። ራሱም ደስታውን ሁሉ ለጡረታ ዘመኑ ያስቀምጣል፤ 60 ዓመት ሲሞላው ሊያነብ፣ ሊዘፍን፣ ከልጆቹ ጋር ሊጫወት። ልጆቹ እስከዚያ ድረስ ልጆች ሆነው እንደማይጠብቁት ማን በነገረው! ፍርሀቱ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም። ሌሊቱን በመጠጥ የሚያነጋ፣ ደመወዙን በወሩ መባቻ የሚጨርስ ሰውም ደስታ እፈልጋለሁ ይላልና። የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒቆሮስ በአቴና የአትክልት ስፍራው ያስተማረው ከ2,300 ዓመት በፊት ነው። ስሙ የሆዳሞች ስም ሆኖ ቀረ እንጂ፣ የራሱ ምግብ እንጀራና ውሃ ነበረ፤ ታላቅ ግብዣ ላድርግ ባለ ጊዜ አንዲት ማሰሮ አይብ እንዲልክለት ወዳጁን ለመነው ይባላል። የዕለት ደስታ ልኩ ይህን ያህል ነው። እንጀራው ራሱ ለሌለው ሰው ግን ስለ አይብ ደስታ መስበክ ነውር ነው፤ ለእርሱ አስቀድሞ እንጀራው ይቅረብለት።

በአገራችን የታመመን ሰው የመጠየቅ ልማድ ይህን ሁሉ ያለ ፍልስፍና ያውቀዋል። ጠያቂው እግዜር ይማርህ ብሎ ይገባል፤ ስለ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ዝናቡ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ አንድ የሚያስቅ የሰፈር ሰው ይሄዳል። ሕመምተኛውም ጎኑን ይዞ፣ እያመመው ይሥቃል። በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመረምረው በሽታው እንደ ትናንቱ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ጠያቂዎቹ ግን ማታ ተመልሰው ይመጣሉ።